መንደሮቹ በራሳቸው አልሞቱም

ጣሊያን በ2025 ባጸደቀችው «የውስጥ አካባቢዎች» ብሔራዊ ስትራቴጂክ ዕቅድ ውስጥ «ዓላማ 4» የሚባል ክፍል አለ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከከተማና ከአገልግሎት ርቀው ከሚገኙት አካባቢዎች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባለው ሕዝባቸው ተመናምኗል፣ አርጅቷል፣ የኢኮኖሚ ተስፋቸውም ደካማ ነው ይላል። ስለዚህ ቁልቁለቱን የመቀልበስ ምንም ዓይነት ግብ ሊያስቀምጡ አይችሉም። ቀጥሎም ዝም ብለው ሊተዉ አይገባም፤ ሥር የሰደደው ማሽቆልቆላቸውና እርጅናቸው ለቀሩት ነዋሪዎች ክብር በሚመጥን መንገድ እንዲሆን የሚያግዝ ዕቅድ ያስፈልጋቸዋል ይላል።

ይህን የጻፈው እነዚህኑ አካባቢዎች እንዲያለማ ኃላፊነት የተሰጠው የመንግሥት አካል ነው። ከመቶ በላይ የሀገሪቱ ጳጳሳትና ካርዲናሎች ለመንግሥትና ለፓርላማ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ተቃውመዋል፤ ከንቲባዎችም ተቆጥተዋል። ከዕቅዱ ጎን የቆሙት ግን መልስ አላጡም። አንቀጹ ከዐውዱ ተነጥሎ ተነበበ፣ ከማንም የተቀነሰ ገንዘብ የለም፣ ሰነዱ ቁጥሮቹ የሚናገሩትን ደገመ እንጂ ከራሱ የጨመረው ነገር የለም አሉ። ዝም እንዳልል ያደረገኝ ይህ የመጨረሻው መልስ ነው።

እሺ፣ ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። የሕዝብ ማነስና ማርጀት ተስፋ የመቁረጫ መለኪያ ከሆነ ጣሊያን በሙሉ በዓላማ 4 ሥር ትመደብ። በ2008 ከ570 ሺህ በላይ ሕፃናት የተወለዱባት ሀገር በ2024 የተወለዱላት 370 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ ወደ 1.18 ወርዷል። ሚላኖን ከእርጅና የሚታደጋት ከየመንደሩና ከባሕር ማዶ የሚመጣላት ወጣት ነው፤ የራሷ ልጆችማ አይበቋትም። ሆኖም ለሚላኖ በክብር የምታረጅበት ዕቅድ ሲነደፍላት አልሰማንም። ለሚላኖ በ2024 አዲስ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ተጠናቀቀላት። አንዱን ቁጥር ይዞ ለአንዱ ባቡር፣ ለሌላው ማስታመሚያ የሚመድብ ሰው፣ ቁጥሮቹ ናቸው የወሰኑት ሊለኝ አይችልም። የወሰነው እሱ ነው።

ደግሞስ «የውስጥ አካባቢ» ማን እንደሆነ የለየው ማን ነው? ስትራቴጂው ከአሥር ዓመት በፊት በኢኮኖሚስቱና በቀድሞው ሚኒስትር ፋብሪትሲዮ ባርካ አነሣሽነት ሲጀመር የተቀመጠው መለኪያ ዝናብ፣ የአፈር ለምነት ወይም የተራራ ከፍታ አልነበረም። አንድ ከተማ ማዕከል ተብሎ የሚቆጠረው ሦስት ነገሮች ሲኖሩት ነበር፦ የተሟላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል፣ ደህና አገልግሎት የሚሰጥ የባቡር ጣቢያ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ማዕከል በመኪና ስንት ደቂቃ ይርቃል እየተባለ ይመደባል። ከሰዓት በላይ የራቀው የመጨረሻው ዳር ነው። በዚህ ስሌት ወደ ስምንት ሺህ ከሚጠጉት የጣሊያን ማዘጋጃ ቤቶች ግማሽ ያህሉ የውስጥ አካባቢ ሆነው ተገኙ፤ ከሕዝቡም ሩብ የሚጠጋው፣ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ የሚኖረው እዚያ ነው።

ይህን መለኪያ የማደንቀው እውነቱን ስለሚያወጣ ነው። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የባቡር ጣቢያ ከሰማይ አይወርዱም። የት እንደሚከፈቱም የት እንደሚዘጉም የሚወስን ባለሥልጣን አለ። እንግዲህ ዳር የሆነ መንደር ማለት ዳር የተደረገ መንደር ማለት ነው። ርቀቱን ራሱ የፈጠረ መንግሥት፣ ርቀቱ ያስከተለውን ፍልሰት ቆጥሮ፣ ቁጥሩን መልሶ ለመንደሩ እንደ ዕጣ ፈንታ ሲያነብለት ገድሎ ከማልቀስ በምን ይለያል?

የማዋለጃ ክፍሎችን ጉዳይ ተመልከቱ። በ2010 ማዕከላዊው መንግሥትና ክልሎቹ ባደረጉት ስምምነት የማዋለጃ ክፍል መለኪያ በዓመት 1,000 ወሊድ ሆነ፤ ከ500 በታች የሚያስተናግዱትም በሂደት እንዲዘጉ ተወሰነ። የሐኪሞች ልምድና የእናቶች ደኅንነት የሚለው ምክንያት ከባድ ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ጥቂት ሺህ ሰዎች ተበታትነው በሚኖሩበት ተራራ ላይ በዓመት 500 ሕፃን ከየት ይመጣል? የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር በጥር በረዶ በጠመዝማዛ መንገድ ከሰዓት በላይ በመኪና ስትጓዝ ያ ደኅንነቷ የት ገባ? ይህን አስቀድማ የምታስብ ወጣት ሚስት፣ ሁለተኛ ልጇን ከመፀነሷ በፊት ባሏን ይዛ ወደ ከተማ ትወርዳለች። ማንም አላባረራትም፤ በገዛ ፈቃዷ ሄደች ተብሎ ይመዘገባል። መዋለ ሕፃናቱ አንድ ልጅ ይጎድልበታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ሌሎች ይከተላሉ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሦስት ክፍል ተማሪዎች በአንድ መምህርት ፊት ይሰበሰባሉ። የ2023ቱ የበጀት ሕግ ደግሞ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች ከ900 እስከ 1,000 ተማሪ በሚል ስሌት እንዲዋሐዱ አድርጓል። ርእሰ መምህሩ ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ታች ከተማ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱም ይከተለዋል። ቀጥሎ ፋርማሲው፣ ከፋርማሲው በኋላ ፖስታ ቤቱ። ከዚያ የስታቲስቲክስ ባለሙያው መጥቶ ይቆጥራል።

በአፔኒን ተራሮች ላይ ሱልሞናን ከካርፒኖኔ የሚያገናኝ፣ በ1897 የተከፈተ የባቡር ሐዲድ አለ። በከፍታ ከጣሊያን መስመሮች ቀዳሚ ተርታ የሚሰለፍ፣ ዋሻውና ድልድዩ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። በ2011 መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎቱ ቆመ፤ ተሳፋሪ የለውም ተባለ። ዛሬ በዚያው ሐዲድ ላይ «የጣሊያን ትራንስ ሳይቤሪያ» የተሰኘ የጎብኚዎች ባቡር የድሮ ፉርጎዎችን እየጎተተ ይመላለሳል። ሐዲዱ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ የጣቢያዎቹ ሕንፃዎችም ቆመዋል። ለሽርሽር የሚመጣ የከተማ ሰው ይሳፈርበታል፤ በካስቴል ዲ ሳንግሮ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ሊሄድበት አይችልም። ባቡሩ ለማን እንደሚሄድ የመረጠው ሰው እንጂ ተራራው አይደለም።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ተራራ ተራራ ነው፣ ክረምቱ ከባድ ነው፣ በየትም ዓለም ሰው ወደ ሜዳና ወደ ከተማ ይወርዳል ይባላል። ጥሩ፤ እንግዲያው በሰሜን ጣሊያን ያሉትን የዶሎሚቲ ተራሮች ካርታ አምጡ።

በአንድ በኩል ደቡብ ቲሮል የሚባለው የቦልዛኖ ራስ ገዝ አውራጃ አለ። በሌላው በኩል የቤሉኖ አውራጃ አለ። ድንጋዩ አንድ ነው፣ በረዶው አንድ ነው፣ የግጦሹ ሣር አንድ ነው፤ በአንዳንዶቹ ሸለቆዎች የሚነገረው የላዲን ቋንቋ ሳይቀር አንድ ነው። በ1971 ቦልዛኖ 414 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ ከ530 ሺህ በላይ አላት። ቤሉኖ በዚያው ዘመን 220 ሺህ ገደማ ነበራት፤ ዛሬ ከ200 ሺህ በታች ወርዳለች። በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንዱ ተራራ ሰው ሲጨምር ጎረቤቱ ሰው አጣ። ጂኦግራፊ ይህን ሊያስረዳ አይችልም፤ ጂኦግራፊውማ አንድ ነው።

የሚያስረዳው ሕግ ነው። የ1972ቱ የራስ ገዝ ደንብ ከቦልዛኖና ከጎረቤቷ ራስ ገዝ አውራጃ ከትሬንቶ ከሚሰበሰበው ግብር ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ የሚሆነው እዚያው እንዲቀር መንገድ ከፈተ። የመሬት አጠቃቀም ፕላኑን የሚያወጣው፣ መንገዱን የሚሠራው፣ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው ያው አውራጃ ነው። በቦልዛኖ «ዝግ ይዞታ» የሚባል የቆየ የርስት ሥርዓትም በሕግ ተጠብቆ ቆይቷል፤ የተራራ እርሻ ለወራሾች እየተሸነሸነ እንዳያልቅ ሙሉውን ለአንድ ወራሽ ያስተላልፋል። መሬት በውርስ እየተቆራረጠ ሲሄድ ገበሬው ምን ላይ እንደሚወድቅ ለኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እርሻው ሳይቆራረጥ ሲቆይ መኖሪያ ይሆናል፤ መኖሪያ ሲሆን መንገድ ይገባዋል፤ መንገድ ሲገባ ልጁ ታች ተምሮ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የተቀናጀ የአካባቢ ልማት የሚባለው ነገር በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል። ርስቱ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይወሰናሉ፤ ጠረጴዛው ያለውም ከመስኮቱ ተራራው በሚታይበት ቢሮ ውስጥ ነው።

ቤሉኖ ግን የቬኔቶ ክልል ተራ አውራጃ ናት። ጉዳዮቿ የሚወሰኑት ባሕር ዳር ባለችው ቬኔዚያና ከዚያም አልፎ በሮም ነው። ነዋሪዎቿ ልዩነቱን ከማንም ባለሙያ ቀድመው አውቀውታል። በ2007 ኮርቲና ዳምፔዞ፣ ሊቪናሎንጎና ኮሌ ሳንታ ሉቺያ ሕዝበ ውሳኔ አካሂደው ወደ ደቡብ ቲሮል መዛወርን መረጡ። ሳፓዳ የምትባለው ማዘጋጃ ቤት በ2017 በወጣ ሕግ ከቬኔቶ ወጥታ ራስ ገዝ ወደሆነው የፍሪዩሊ ቬኔዚያ ጁሊያ ክልል ተቀላቀለች። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ይዘው መሰደድ ስላልቻሉ የአስተዳደር ድንበሩን ሊያሻግሩ የታገሉ ናቸው። ተስፋ የቆረጠ ሕዝብ እንዲህ ያደርጋል?

ልዩነቱን ያመጣው ቱሪዝሙ ነው፣ ወደ ኦስትሪያ የሚያወጣው የብሬነር መንገድ ነው የሚለኝ አለ። ኮርቲና ከመቼ ወዲህ ነው ቱሪስት ያጣችው? ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሀብታም ሲጎርፍባት ኖራለች። በቱሪስት ብቻ መንደር የሚቆም ቢሆን ቤሉኖ ዛሬ ሞልታ በፈሰሰች ነበር። ለቤሉኖ ገንዘብ የለም እንዳይባልም፣ ለ2026ቱ የክረምት ኦሊምፒክ ኮርቲና ላይ የቦብስሌድ (በበረዶ ቦይ የሚንሸራተት ጋሪ) መወዳደሪያ በ120 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሠራላት። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ራሱ በጎረቤት ሀገር ያለውን ተጠቀሙ ብሎ መክሮ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ውድድር ይህ ሁሉ ከተገኘ፣ ለተራራ ሆስፒታል ሌሊት የሚያድር ሐኪም ለመቅጠር የሚጠፋው ገንዘብ የት ሄዶ ነው?

ትሬንቶን ካነሳሁ አጊቱ ኢዴዎ ጉደታን ሳልጠራ አላልፍም። አዲስ አበባ የተወለደችው አጊቱ በትሬንቶ ሶሲዮሎጂ አጥንታ ወደ ሀገሯ ተመልሳ ነበር። የገበሬ መሬት ለኩባንያዎች መሰጠቱን ስትቃወም ቆይታ በ2010 ለመሰደድ ተገደደች። በሞኬኒ ሸለቆ፣ ፍራሲሎንጎ በምትባለው የተራራ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ፣ ባለቤት አጥቶ ዳዋ የለበሰ የጋራ መሬት ላይ ጥቂት ፍየሎች ይዛ ጀመረች። የመረጠችውም ሊጠፋ የተቃረበውን የሸለቆውን የራሱን የፍየል ዝርያ ነበር። መንጋዋ ከመቶ በላይ ሆነ፤ አይቧን በገበያ ሸጠች፣ በትሬንቶ ከተማ ሱቅ ከፈተች። በታኅሣሥ 2020 በገዛ ቤቷ ተገደለች፤ ሸለቆውና ሀገሩ በሐዘን ተናወጠ።

አጊቱ መሬቱን ስትረከብ አንድ የፕላን ባለሙያ መጥቶ ሠንጠረዡን ቢሞላ ምን ይጽፍ ነበር? የተተወ ግጦሽ፣ ያረጀ ነዋሪ፣ ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ፣ ዝቅተኛ የመሳብ አቅም። ዓላማ 4ን የሚያሟላ አንድም ነገር አይጎድልም። ሠንጠረዡ የሚሞተውን ሰው ብቻ ይቆጥራል፤ የሚመጣው ሰው ዓምድ የለውም። እሷ ግን የቆመችው የራሱ ገንዘብና የራሱ ሥልጣን ባለው አውራጃ ተራራ ላይ ነበር፤ ሥር ለመስደድ የሚበቃ መሬት አገኘች፣ ሥር ሰደደች። በአፔኒን ተራሮች ላይ እንዲሁ ለመምጣት የሚፈልግ ወጣት፣ ጣሊያናዊም ይሁን ኤርትራዊ ወይም ኢትዮጵያዊ፣ መንግሥት ራሱ ግብ አይኑረው ብሎ በጻፈበት መንደር ላይ ባንክ ሄዶ ምን ብሎ ብድር ይጠይቃል? የሐኪም ቅጥር ማስታወቂያስ ማን ይመልሳል? እንዲህ ያለ ሰነድ ገና ሲጻፍ ጉዳት ይጀምራል፤ ገንዘብ አልተቀነሰም የሚለው መልስ ይህን አይነካውም።

ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ ከኮቪድ በኋላ ከአውሮፓ የማገገሚያ ፈንድ ለጣሊያን 191.5 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቦ ነበር። ከዚያ ውስጥ ለትናንሽ መንደሮች አንድ ቢሊዮን ተለየ። እንዴት ተከፋፈለ? ለእያንዳንዱ ክልልና ራስ ገዝ አውራጃ አንድ መንደር ተመርጦ፣ 21 መንደሮች እያንዳንዳቸው 20 ሚሊዮን ዩሮ፣ በድምሩ 420 ሚሊዮን፣ አገኙ፤ የቀረው ለሌሎች መንደሮችና በውስጣቸው ላሉ ድርጅቶች በትንንሹ ተከፋፈለ። በፒየሞንቴ ተራራ ላይ ያለችውና መቶ የማይሞላ ነዋሪ ያላት ኤልቫ አንዷ ናት። በኤልቫ ሰዎች አልቀናም፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያው ሸለቆ ያሉት ሌሎች መንደሮች ምን አጠፉ? አንዱን መንደር በገንዘብ አጥለቅልቆ ሸለቆውን ያለ አውቶቡስና ያለ ሐኪም መተው ልማት አይባልም። የሎተሪ ዕጣ ነው፤ ዕጣው ያልወጣላቸው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ዓላማ 4 ደረሳቸው።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ የጣሊያን ብቻ ሆኖ ስለማይቀር ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ሐምሌ 16 ቀን 2025 ከ2028 እስከ 2034 ለሚዘልቀው በጀት ባቀረበው ሐሳብ፣ ደካማ ክልሎችን ለማመጣጠን የሚውለውን ፈንድና የግብርናውን ድጎማ ከሌሎች ጋር በአንድ ከረጢት ጨምሯቸዋል። ከረጢቱ 865 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ይይዛል። ዛሬ ክልሎች በየራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ይቀሩና እያንዳንዱ ሀገር አንድ ብሔራዊ ዕቅድ ይኖረዋል፤ 27 ሀገር፣ 27 ዕቅድ። ክፍያው እንደ ማገገሚያው ፈንድ መንግሥት ከብራሰልስ ጋር የተስማማባቸውን ግቦች ሲያሟላ ይለቀቃል። ነገሩን የያዙት የትስስር፣ ማለትም ክልሎችን የማመጣጠን፣ ጉዳዮች ኮሚሽነር ራፋኤሌ ፊቶ ናቸው። እሳቸው እስከ 2024 መጨረሻ በሮም የማገገሚያው ፈንድና የደቡብ ጣሊያን ሚኒስትር ነበሩ፤ የውስጥ አካባቢዎችን ስትራቴጂ ወደ ማዕከል የሰበሰበውና አሁን የምንነጋገርበትን ዕቅድ እንዲዘጋጅ ያዘዘው የ2023ቱ ድንጋጌም የወጣው በእሳቸው ጊዜ ነው። ዓላማ 4ን የጻፉት እሳቸው ናቸው አልልም። ያ አንቀጽ ሊጻፍ የቻለበትን መንገድ ግን አሁን ለአውሮፓ በሙሉ ሊዘረጉት ነው።

ሥራ ለማቅለል ነው ይባላል። ለማን? በሮም ወይም በማድሪድ ገንዘብ ሚኒስቴር ለተቀመጠው ሰው ቀሏል። ለአንድ የተራራ ከንቲባ ግን፣ ትናንት ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ሄዶ የሚከራከረው ሰው ዛሬ በስም እንኳ የማያውቀው የማዕከል ቢሮ ሊሆንበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሒሳብ መርማሪዎች የማገገሚያው ፈንድ ክፍያ ከእውነተኛው ወጪ ጋር አለመያያዙን፣ ገንዘቡ ያስገኘውን ውጤት መለካትም አስቸጋሪ መሆኑን ደጋግመው ጽፈዋል። የክልሎችና የከተሞች ተወካዮች የሚቀመጡበት የኅብረቱ የክልሎች ኮሚቴም አባላቱ በዝግጅቱ ከዳር ተመልካች ሆነው መቅረታቸውን ሲያሰማ ኖሯል። ያልሠራውን አሠራር ወስዶ የሁሉም መሠረት ማድረግ ምን ይባላል? በኅዳር 2025 የአውሮፓ ፓርላማ ሐሳቡን እጥለዋለሁ ብሎ ሲያስፈራራ የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ቮን ደር ላየን ማስተካከያ አቀረቡ፤ ከገንዘቡ ቢያንስ 10 በመቶ ለገጠር ይሁን፣ ክልሎችም በየደረጃው ይጠየቁ አሉ። መጠየቅና መወሰን አንድ አይደሉም። አሥር በመቶውንም ለየትኛው ሸለቆ እንደሚሰጥ የሚመርጠው ያው ማዕከል ነው፤ ማዕከሉ ሲመርጥ ምን እንደሚመስል ኤልቫ ላይ አይተናል።

የኅብረቱ ውል አንቀጽ 174 በገጠር፣ በደሴት፣ በድንበርና በተራራ ላሉ እንዲሁም በተፈጥሮና በሕዝብ መመናመን ለተጎዱ አካባቢዎች የተለየ ትኩረት ይሰጥ ይላል። የጣሊያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44ም ሕግ ለተራራማ አካባቢዎች የሚበጅ እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ሁለቱም ሕዝባቸው እስኪያልቅ ብቻ የሚል ሐረግ የላቸውም።

የቀድሞው አሠራርም ያለ እንከን አልነበረም። መጀመሪያ የተመረጡት 72 አካባቢዎች ስምምነታቸውን ለመፈራረም ዓመታት ፈጅተዋል፤ ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላም ገንዘቡ ሲንቀራፈፍ ቆይቷል። ነገር ግን ሐሳቡ ትክክል ነበር። ባለሙያዎች ወደ ሸለቆው ወርደው ከከንቲባዎች፣ ከመምህራን፣ ከገበሬዎች ጋር ይቀመጡ ነበር። ከሀገሪቱ በጀት የሚመጣው ገንዘብ ለትምህርት፣ ለጤናና ለትራንስፖርት፣ ከአውሮፓ የሚመጣው ደግሞ ለሥራ ፈጠራ እንዲውል ሁለቱ በአንድ ስምምነት ታስረው ነበር። የዘገየውም ሐሳቡ ስላልሠራ አልነበረም፤ አንድ ሚኒስቴር የከፈተውን ሌላው ሚኒስቴር ስለሚዘጋው ነው። የሚታከመው በሽታ ይህ ሆኖ ሳለ በሽተኛውን ተስፋ የለውም ብሎ ማሰናበት ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ብሔራዊ የስፓሻል ፕላን፣ ማለትም ምን የት እንደሚሠራ የሚወስን የሀገር ካርታ፣ አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን፤ እንዲያውም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ሚኒስቴሮችን በአንድ ካርታ ላይ ለማሰር። አየርላንድ በ2002 የተዋጣለት የሚመስል ብሔራዊ ስትራቴጂ አወጣች፤ የሚያድጉት ከተሞች ተለይተው ተቀመጡ። በታኅሣሥ 2003 የገንዘብ ሚኒስትሩ ከ10 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን ወደ 53 ቦታዎች እበትናለሁ ብለው በበጀት ንግግራቸው አወጁ፤ ስትራቴጂው የመረጣቸውን ከተሞች ዞር ብለው አላዩም። ፕላኑ ከዚያ ወዲህ ነፍስ አልነበረውም፤ በ2013 በይፋ ተተወ። ከ1960 ጀምሮ ብሔራዊ ፕላን በማውጣት የሚታወቁት ኔዘርላንዶች በ2010 የፕላን ሚኒስቴራቸውን አፈረሱ፤ ገበያውና ክልሎቹ ይበቃሉ ተባለ። በ2019 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የናይትሮጅን ብክለትን ለመቆጣጠር ያወጡትን ፕሮግራም ሲሽረው የግንባታ ፈቃዶች ታንቀው ቆሙ፤ ለቤት፣ ለከብትና ለተፈጥሮ የሚሆነውን መሬት ማን እንደሚያከፋፍል ጠፋ። በ2022 የቤቶችና የስፓሻል ፕላን ሚኒስትር መልሰው ሾሙ። ማዕከሉ ሥራውን ሲተው ይህ ይመጣል። ማዕከሉ የራሱን ሥራ ትቶ የመንደሩን ሥራ ሲቀማ ደግሞ ዓላማ 4 ይመጣል።

የአሁኑ በጀት የሚያበቃው በታኅሣሥ 2027 መጨረሻ ነው። የአውሮፓ ፓርላማና መንግሥታቱ ገና እየተደራደሩ ስለሆነ ሕጉ ውስጥ ሊገባ የሚችል ነገር አለ። ከዚህ ፈንድ ገንዘብ የሚጠይቅ መንግሥት ሁሉ፣ በሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት በየአካባቢው የትኛውን ትምህርት ቤት፣ የትኛውን የሆስፒታል ክፍል፣ የትኛውን የባቡርና የአውቶቡስ መስመር ለመዝጋት እንዳሰበ በዚያው ዕቅድ ውስጥ በስም ይዘርዝር። ዝርዝሩ ላይ የአካባቢው ከንቲባዎች ይፈርሙበት፤ ካልፈረሙ ዕቅዱ ለዚያ አካባቢ አይጸድቅ። በዝርዝሩ የሌለ አገልግሎት የዘጋ መንግሥት ለዚያ አካባቢ የወሰደውን ገንዘብ ይመልስ፣ የተመለሰውም ገንዘብ በቀጥታ ለማዘጋጃ ቤቶቹ ይተላለፍ። ይህን ለመጻፍ ከአንድ አንቀጽ በላይ አይጠይቅም፤ ሮምም ዓላማ 4ን ስትጽፍ አንድ አንቀጽ በቅቷታል።